ስፒሉን ከአፍዎ አያውጡ

የመምህርቷ ቦርሳ ዚፕ ባይበላሽ ኖሮ፣ ጋሽ ልኬ እስከ ዛሬም ከትምህርት ቤቱ ጥሪ ተሸሽገው ይኖሩ ነበር። ዚፑ ግን ከሥራ ስትወጣ መንገድ ላይ ጥርሱን አግጦ ቀረ። እሷም ደብተሮቿን በብብቷ ሸጉጣ መጀመሪያ ያገኘችው ልብስ ሰፊ ቤት ገባች።

ጋሽ ልኬ የሚለውን ስም ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው፤ ሰላምታ ሲሰጡ እንኳ ዓይናቸው የሰው ትከሻ ይለካል። እንግዳዋን እንደ ልማዳቸው ለክተው ሳይጨርሱ፣ ከጠረጴዛው ሥር በቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ ተቀምጣ ቁልፍ በየቀለሙ ትለይ የነበረችው የልጅ ልጃቸው ብድግ አለች። መምህርቷና ተማሪዋ ተያዩ። ሽማግሌውም ነገሩ ገባቸው፦ ሲሸሹት የከረሙት ጉዳይ በገዛ እግሩ መጥቶ ዚፕ ሊያሠራ ቆሟል።

ልጅቱን «እሜቴ» ነው የሚሏት፤ ከቁመቷ በላይ ታዛቸዋለችና። እናቷ ሥራዋ ሌላ ከተማ ስለሆነ የምታድገው እሳቸው ዘንድ ነው። አእምሮዋ ንቁ፣ እጇ ቀልጣፋ፤ ቃል ብቻ በር ላይ ይያዝባታል። የመጀመሪያው ድምፅ ይወጣል፣ ይደገማል፣ የቀረው ግን እምቢ ይላል። ክፍል ውስጥ ልጆች ከሳቁባት ወዲህ ስሟ ሲጠራ እጇን ማንሳት እንጂ አፏን መክፈት ትታለች።

መምህርቷ የልዩ ፍላጎት አስተማሪ ናት። እሜቴን ቁልፍ እንድትለቅምላት ወደ ጥግ ከላከቻት በኋላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጉዳዩን ነገረቻቸው። በትምህርት ቤቱ የንግግር ሕክምና ባለሙያ የለም፤ በሩቅ ከተማ ያለች አንዲት ባለሙያ ግን የብዙ ትምህርት ቤት ልጆችን በቪዲዮ ትረዳለች። አሁን አንድ ቦታ ተገኝቷል። አሳዳጊ እስከ ዓርብ ቃሉን ካልሰጠ ቦታው ለሌላ ልጅ ይሄዳል።

ጋሽ ልኬ ዚፑን በፒንሳ ጠበቅ እያደረጉ፣ ዝም አይነቅዝም አሉ። አጎቷም ልጅ ሳለ እንዲሁ ይንተባተብ ነበር፤ ዛሬ ጉባኤ ፊት ሲናገር የሚያስቆመው ጠፍቷል። ደግሞስ የቤት ገመና በስክሪን ለማያውቁት ሰው ይገለጣል?

«ስሚኝ ልጄ» አሉ ቀጥለው፤ «ሰዎች በስልክ ደውለው ልኬን ውሰድልኝ ይሉኛል። እምቢ እላለሁ። ትከሻ በስክሪን አይለካም፤ ምላስ እንዴት ብሎ በስክሪን ይቃናል?»

መምህርቷ ደብተሮቿን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ነገሩ ዘበት እንዳልሆነ ገብቷታል።

«ለትከሻው ልክ ነዎት፣ ጋሼ። ሜትሩ ገላ መንካት አለበት። እዚህ ግን የሚነካ ነገር የለም፤ የሚፈለገው የሚሰማ ጆሮና የሚያይ ዓይን ነው። ደግሞ ለሁሉም ልጅ ይሆናል አልልዎትም። እጃቸው ካልተያዘ የማይቀመጡ ልጆች አሉ፤ ኔትወርክ ተቆራርጦ የሚያናድድበት ቀንም አለ።»

ይህች ንግግር ሽማግሌውን ደስ አለቻቸው። ነጋዴ ጨርቁን ሁሉ ሲያመሰግን አያምኑትም፤ ይኼኛው ሲታጠብ ይሸበሸባል ያለውን ግን ይገዙታል። ቢሆንም እጅ አልሰጡም፤ ጊዜ ያቃናታል አሉ።

መምህርቷ ወደ ጥግ ተመለከተችና ይበልጥ ድምጿን ቀነሰች።

«ያን ሰሞን ትኩሳት ይዟት ወደ ቤት የመጣችበት ቀን ትዝ ይልዎታል? ከረፋድ ጀምሮ ነበር የታመመችው። እስክንለቀቅ ድረስ ዴስክ ላይ ተደፍታ ዋለች። እንቅልፍ መስሎን ነበር። ለካ አመመኝ ለማለት አፏን ከፍታ፣ ልጆቹ ሲዞሩባት መልሳ ዘግታው ኖሯል።»

የጋሽ ልኬ እጅ ዚፑ ላይ ቆመ። ዝም አይነቅዝም ያሉት ሰውዬ፣ ዝምታ እንዴት ልጅ ሊጎዳ እንደሚችል ሲያስቡ ምላሳቸው ከእሜቴ ምላስ ባሰ። ዚፑን አንዴ ከፍተው ዘጉና፣ ልብስም ሳያልቅ ይለካል፤ እንግዲህ አንዴ ይሞከር አሉ። ግን ዓይናቸው ሥር፣ እዚሁ ሱቅ ውስጥ ይሁን።

እንደተባለውም ሆነ። ትምህርት ቤቱ ያዋሰው ታብሌት በካውያው ላይ ተደግፎ ጠረጴዛው ላይ ቆመ። ባለሙያዋ ስክሪኑ ውስጥ ብቅ አለች፤ ፈገግተኛ ወጣት ናት። ጋሽ ልኬ ትከሻዋን ለመለካት ሞክረው፣ ከአንገቷ በታች ብዙም ስላልታየ ተዉት።

ከቁልፎቹ የትኛውን ቀለም ትወጂያለሽ አለቻት ልጅቷን። እሜቴ «ሰ... ሰ...» ስትል፣ አያትየው «ሰማያዊ» ብለው ጨረሱላት። ጓደኛሽስ ማን ናት ብትል የጎረቤቷን ልጅ ጠሩላት። ዕድሜዋንም እሳቸው ተናገሩ። እሜቴ አንገቷን ደፍታ ቁልፍ መለየት ጀመረች። እንደ እሳቸው ሐሳብ የልጅ ልጃቸውን ከረግረግ እየጎተቱ ነበር። ፍቅር አንዳንዴ እንዲህ ነው፤ ሰውን ተሸክሞ ሲሮጥ እግር እንዳለው ይረሳል።

ባለሙያዋ አልተቆጣችም። ሥራ አላስፈታዎትም አባቴ፣ እርስዎ ይስፉ አለች። እሳቸውም ለደንበኛ የሚደርስ ቀሚስ ነበራቸውና ስፒሎቹን እንደ ወትሮው በከንፈራቸው ይዘው፣ የልብስ ማሳያው አሻንጉሊት ሥር ተንበርክከው ጫፉን ማጠፍ ጀመሩ።

«አያትሽ ምን እየሠሩ ነው?» አለቻት ባለሙያዋ።

ልጅቷ ቃሉ ተያዘባት። ጋሽ ልኬ ሊደርሱላት ዞሩ፤ አፋቸው ግን ስፒል ሞልቶታልና «እም» ብቻ አሉ። ባለሙያዋም አልቸኮለችም፤ ጊዜው ሁሉ የልጅቷ እንደሆነ ሁሉ ትጠብቃለች። በመጨረሻ ቃሉ ወጣ፣ ሌላውን አስከተለ። ቀሚሱ የአንዲት ሙሽራ እህት የምትለብሰው ነው፤ ረዝሞባታል፤ ትናንት ደግሞ ስትለካው ስፒል ወግቷት ጮኻ ነበር። እሜቴ ራሷ ሳቀች።

«እንዲህ ታወሪያለሽ ለካ?»

«አባባ ስ... ስ... ስፒል ሲይዝ ብዙ አወራለሁ።»

«ለምን?»

«ይ... ይጠብቀኛላ።»

ጋሽ ልኬ ከተንበረከኩበት አልተነሱም።

ባለሙያዋ በኋላ ለብቻቸው አነጋገረቻቸው። መንተባተቡን እሳቸው አላመጡትም፤ ይህን ልብ ይበሉ አለች። ነገር ግን ቃሏን ሲጨርሱላት ተራዋን ይወስዱባታል። ልጅቷን ቢሮ አስጠርታ ብታነጋግር ይህን አታይም ነበር፤ ስክሪኑ ግን ሱቁ ድረስ አስገባት። የሰጠቻቸው የቤት ሥራም አጭር ነበር፦ «እሷ ስትናገር ስፒሉን ከአፍዎ አያውጡ።»

ከዚያ ወዲህ ታብሌቱ ካውያው ላይ ብዙ ጊዜ ተደገፈ። ኔትወርኩ የባለሙያዋን ፊት አፏ እንደተከፈተ አድርቆ የሚያስቀርበት ቀን ነበር፤ እሜቴም ያን ጊዜ፣ ዛሬስ እሷም ተያዘባት እያለች ትስቅ ነበር። መምህርቷም ክፍሉን አስተማረች፤ የሰው ቃል ጀምሮ መጨረስ የሰው ወንበር እንደ መቀማት ነው ብላ።

አንድ ቀን ቀትር ላይ የጋሽ ልኬ ስልክ ጮኸ። መምህርቷ ናት፤ ልጅቷን መጥተው ይውሰዷት፣ ራሷን አሟታል አለች።

«ማን ነገረሽ?»

«ራሷ ናት። እጇን አውጥታ፣ በክፍሉ ሁሉ ፊት። ትንሽ ተያዘባት፤ ግን ጨረሰችው።»

ጋሽ ልኬ እየሳቁ ወጡ። ልጄ ታመመች እያሉ ደስ ብሏቸው የሚሮጡ ሽማግሌ ያየ ጎረቤት ሁሉ፣ ሰውዬው ምን ነካቸው ተባባለ። በኋላ ልጁ የሚንተባተብበት ደንበኛ፣ በስክሪን ምን ይረባል ሲላቸው ግን በገዛ አፋቸው ያስተምሩት ጀመር፦ ባለሙያ በሌለበት ባለሙያ ይመጣል፤ ልጅ በለመደው ቤት ሆኖ ይታከማል፤ አሳዳጊም የራሱን ጉድ ያይበታል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይሉታል፣ ተረቱን እሳቸው እንዳወጡት ሁሉ።

ያን ቀን ግን ለማንም አልሰበኩም። እሜቴን እጇን ይዘው ወደ ቤት ሲመለሱ፣ ራሷን የት የት ጋ እንዳመማት መንገዱን ሁሉ ታስረዳቸው ነበር። አንዱ ቃል መታጠፊያው ላይ ተያዘባት። ቆመች፤ እሳቸውም ቆመው ጠበቋት። አፋቸው ውስጥ አንድም ስፒል አልነበረም።