ዝምታን ያወረሱ አያት

በ፲፱፻፶፫ ዓ.ም. የሚያዝያ ዝናብ አሰላ ከተማ ላይ ድንገት ሲወርድ፣ አቶ ኃይለመስቀል የስድስት ዓመት የልጅ ልጃቸውን ውድነሽን እየጎተቱ ከሀሰኖ የጨርቅ ሱቅ ጣራ ሥር ተጠለሉ። እዚያ ቀድማቸው የተጠለለችው የልጅቱ አስተማሪ የሺሃረግ ነበረች። አቶ ኃይለመስቀል ብዙ ዘመን የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆነው የኖሩ፣ ቃላቸውን መዝነው የሚናገሩ ሽማግሌ ናቸው። ሰላምታው እንዳለቀ፣ ሊመልሱት አስበው የያዙትን በክር የተሰፋ ትንሽ የሥዕል መጽሐፍ ከካፖርታቸው ኪስ አወጡ።

«ልጄ፣ ይህን ውድነሽ እጅ አገኘሁት። ያንቺ ሥራ ነው?»

«አዎን አባቴ፤ እኔ ነኝ የሣልኩት። ለትንንሾቹ ነው።»

«ታዲያ ይህች ልጅ ምን ትሠራለች? ጥጃ ላስር ብላ ትሄዳለች፤ ጥጃው ጎትቶ ጭቃ ላይ ይጥላታል። ገጹን ብገልጥ ደግማ ትወድቃለች። እኔ ቤት ልጅ የሚማረው ጨዋነት ነው እንጂ መውደቅ አይደለም።»

«መጨረሻውን አይተውታል?»

«ያየሁት በቃኝ።»

«በመጨረሻው ታስረዋለች። ማንበብ ያልጀመረ ሕፃን ‹አይዞህ፣ ሞክር› ቢሉት ቃሉ ከጆሮው አያልፍም። እንደሱ ያለች ልጅ ወድቃ ስትነሣ ሲያይ ግን ‹እኔም እችላለሁ› ይላል። ከክፍሌ ልጆች አንድም ቀን እጇን ያላነሣች ውድነሽ ብቻ ናት።»

«ይህማ የናቷ ጠባይ ነው» አሉ፣ ኩራት እየተሰማቸው። «እናቷን፣ ልጄን ተሻለችን፣ ሰው ፊት ድምፅሽ እንዳይሰማ ብዬ ነው ያሳደግኋት። አቦምሳ ስድራት አማቶቿ አመሰገኑኝ።»

«መሞቷን ሰምቻለሁ፤ በምን አረፈች አባቴ?»

አቶ ኃይለመስቀል ለጠየቃቸው ሁሉ «ቀኗ ደርሶ ነው» ሲሉ ኖረዋል። የዚያን ቀን ግን እውነቱን ተናገሩ።

«ሁለተኛ ልጇን ወልዳ ደም ሲፈሳት ሁለት ቀን ደበቀች። ‹ምን ሆነሻል?› ሲሏት ‹ደኅና ነኝ› ትል ነበር፤ አማቷን ማስቸገር አፍራ። ሐኪም ዘንድ የሚያደርስ የጭነት መኪና ደጃፋቸው ቆሞ ነበር። ሕፃኑም አልቆየም።»

የሺሃረግ ልጅቱን ልታቅፍ ጎንበስ ስትል ደነገጠች። የአሸንዳው ውኃ ከመጀመሪያው ጀምሮ በውድነሽ ትከሻ ላይ ይወርድ ኖሯል። ልብሷ ገላዋ ላይ ተጣብቋል፤ ከንፈሯ ጠቁሯል።

«ምነው ሳትናገሪ?» አሉ አያቷ።

ልጅቱ ያጠፋች መስሏት አንገቷን ደፋች።

እኒያን ሽማግሌ የረታቸው የመምህርቷ ክርክር አልነበረም። ባመሰገኑት ጨዋነት አንዷን ቀብረው፣ ሁለተኛዋንም ለዚያው እያዘጋጁ መሆናቸውን በዓይናቸው ስላዩት ነው። ካፖርታቸውን አውልቀው አለበሷትና መጽሐፉን ለየሺሃረግ ዘረጉላት።

«መጨረሻውን ግለጪው፤ እኔም ልይ።»

ከዚያ ወዲህ አቶ ኃይለመስቀል ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ጎረቤቶቻቸውን እያቆሙ ይመክሩ ጀመር። «ሥዕሉ የልጅ ማታለያ አይምሰላችሁ። ወድቆ መነሣትን ያየ ልጅ ያልገባውን ይጠይቃል፤ ሲያመው አመመኝ ይላል፤ ሲበደል አቤት ይላል፤ ሥራ ሲሰጡት አልችልም ብሎ አይሸሽም። እኔ ይህን የተማርኩት ልጄን ቀብሬ ነው፤ እናንተ በነፃ ውሰዱት።»

ውድነሽም በሰኔ ወር ክፍል ውስጥ እጇን አነሣች። ጥያቄዋ እየበዛ ሄዶ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ አያቷ ጭን ላይ ሆና የመጽሐፉን ሥዕሎች ስታይ ቀና አለች።

«አባባ፣ እናቴ ሲያማት ለምን አልተናገረችም?»

ድሮ ቢሆን «ዝም በይ» ይሏት ነበር።

«እንዳትናገሪ ያልኳት እኔ ነኝ» አሏት።

ልጅቱ ፊታቸውን ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ከጭናቸው ወርዳ፣ መጽሐፏን ይዛ ወደ ደጅ ወጣች። አቶ ኃይለመስቀል ሊጠሯት ፈለጉ፤ ግን አልደፈሩም።