ለቀይ ቀለም ያልተተወ ቦታ

ባለፈው ጥቅምት ወደ ባሕር ዳር ልሄድ ንፋስ መውጫ መናኸሪያ ቆሜ ሳለሁ፣ የቤተ ልሔም ደብሩን የድጓ መምህር መሪጌታ ወልደማርያምን አገኘኋቸው። የልጃቸውን የዓለምጸሐይን ሻንጣ ታቅፈው፣ ረዳቱ ሊጭነው እጁን ቢዘረጋ እንቢ ይሉታል። ልጅቱን ለሁለተኛ ዲግሪ ዩኒቨርሲቲ ተቀብሏታል፤ ምዝገባው ነገ ያበቃል። ያለ አባቷ ምርቃት ግን አልሳፈርም ብላ ቆማለች። እኔ ሳይንስ አስተማሪ ነኝና ነገሩ አንገበገበኝ፤ ሳልጠራ ጥልቅ አልኩ።

«የኔታ፣ ምን አስቀየምዎት?»

«ሐኪም ትሆናለች ብዬ ስጠብቅ፣ የማጠናው ተቆርጦ የሚወጣውን ነው አለችኝ። እስቲ አንተው ፍረድ!»

ዓለምጸሐይ አንገቷን ደፍታ፣ ግን ቃሏን ሳታደናቅፍ መለሰች። «አባቴ፣ በሰውነታችን ውስጥ እንደ መጽሐፍ የሚነበብ ጽሑፍ አለ፤ ጂን ይባላል። በመካከሉ ኢንትሮን የሚባሉ ክፍሎች ይገቡበታል። ጽሑፉ ሲገለበጥ አብረው ይገለበጣሉ፤ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ግን ተቆርጠው ይወጣሉ። እኔ የማጠናው በየፍጥረቱ የት የት እንደሚገቡ ነው።»

«ከወጡማ የትም ቢገቡ ምን ቸገረሽ?»

እውነቱን ለመናገር ጥያቄው ደኅና ጥያቄ ነው። እኔም ተማሪ ሳለሁ ይህንኑ አስቤ ጠይቄ አላውቅም፤ አፈርኩ።

«ቦታው ብዙ ይናገራላ! ባክቴሪያ ጂኑ ውስጥ ኢንትሮን የለውም ማለት ይቻላል። እርሾ ውስጥ ያለችው ፈንገስ ጥቂት አላት፤ የሚበዛውም ከጂኑ መጀመሪያ አካባቢ ነው። የሰውና የአትክልት ጂን ግን ብዙ ቦታ ላይ ይቋረጣል፤ አንዳንዱ ጂን ላይ የሰውም የአትክልትም መቋረጫ ቦታው አንድ ሆኖ ይገኛል። የሚቆረጥበት ቦታ ላይ አንዲት ፊደል ብትሳሳት ደግሞ ልጅ የደም በሽታ ይዞ ሊወለድ ይችላል።»

«ሰውና አትክልት ምን አገናኛቸው?»

«እርስዎን ልጠይቅዎት። ድጓው ላይ በቀይ የሚጻፈው፣ ‹ዓራራይ›፣ ‹ዕዝል› የሚለው፣ ይዜማል?»

«አይዜምም። ዜማውን ይጠቁማል እንጂ።»

«የሁለት ደብር ድጓ ቀዩ አንድ ቦታ ላይ ቢውልስ?»

«ከአንድ መጽሐፍ ተቀድተዋል እላለሁ» አሉ ሳያመነቱ። ሻንጣውን ጠበቅ አድርገው ያዙት።

«እኛም የሰውንና የአትክልትን ቦታ አይተን የምንለው ይህንኑ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ኢንትሮን ሁሉ እንደ ቀዩ ይጠቅማል ማለቴ ግን አይደለም። የትኛው እንደሚጠቅም ገና አልታወቀም፤ የምሄደውም ለዚሁ ነው።»

መሪጌታ ወደ እኔ ዞሩ። «መምህር፣ ለልጆቼ ነግሬያቸው የማላውቀውን ልንገርህ። ተማሪ ሳለሁ የመጀመሪያ ድጓዬን ስጽፍ፣ ቀዩ አይዜምም ብዬ፣ ብራናው እንዳይባክን ቦታ ሳልተውለት ጥቁሩን አያይዤ ጻፍሁት። መምህሬ አገላብጠው ‹ዜማው የት ላይ ይለወጣል?› ቢሉኝ ጠፋኝ። ክረምቱን ሙሉ እንደ አዲስ ጻፍሁ። ዛሬ ደግሞ ይኸው ያንኑ ስሕተት በልጄ ላይ ልደግመው ነበር።»

እኔ ከዚህ በላይ የምጨምረው የለኝም። የማይገባንን ነገር ሁሉ ትርፍ ነው እያልን ስንቱን አስቀርተናል! አንድ ሰው ጠይቆ ቢረዳው ግን የሚታመም ልጅ ሊድንበት ይችላል።

መሪጌታ እጃቸውን በልጃቸው ራስ ላይ ጭነው መረቋት። ሻንጣውንም ራሳቸው ለረዳቱ አቀበሉት። መኪናው ሲነሳ በመስኮት አየኋቸው፤ ባዶ የቀረውን እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፍቷቸው የነጠላቸውን ጫፍ ይዘው ቆመዋል።