የገና ዋዜማ ህመሜ

ፍኖተ ሰላም ውስጥ አስተማሪ ነኝ። ዘንድሮ የተማሪዎቹን ፈተና አርሜ ሳልጨርስ ገና ደረሰ፤ ባለቤቴ ደግሞ ዘመዶቹን ሁሉ ለበዓል ጠርቷል። በዋዜማው ጠዋት ሽንኩርቱ ፊት ቁጭ ብዬ ቢላዋውን ማንሳት አቃተኝ። ቡሬ ላሉት አማቴ ደወልሁና፣ "እማማ፣ አሞኛል፤ እንግዳ መቀበል አልችልም" ብዬ ዋሸሁ። እሽ እንኳ ሳይሉ ዘጉት። ተቀይመውኛል ብዬ ስብሰለሰል ዋልሁ።

ከቀትር በኋላ በሩ ተንኳኳ። አማቴ ናቸው፤ ተገንጥሎ የታጠበ ዶሮ በባልዲ ይዘዋል። ገና ከመግባታቸው ግንባሬን ዳሰሱት። ትኩሳት የለኝም። አፈርሁ።

"ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ፤ አላመመኝም፣ ደክሞኝ ነው" አልኋቸው።

"ታዲያ ይሄ ህመም አይደለም?" አሉ፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ እያሰሩ። "እኔን በዓል በመጣ ቁጥር ሲያመኝ ነው የኖርሁት፣ ልጄ። አሞኛል ብሎ መተኛት እንደሚቻል ግን የነገረኝ የለም።"

ክንዴን ይዘው አልጋው ላይ አስተኙኝ። ልነሳ ስል "ተኚ ብዬሻለሁ!" ብለው ተቆጡኝና ልጃቸውን ጠርተው ሽንኩርት ያስልጡት ጀመር። እኔም ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ፣ ትንሽ አልቅሼ፣ እስኪመሽ ተኛሁ።