የቀይ አልጋ ሂሳብ

(ኮምቦልቻ፤ የአንድ የግል ሆስፒታል ሂሳብ መክፈያ መስኮት፣ ረፋድ ላይ። የድንች ነጋዴዋ ወይዘሮ ውድነሽ ቅንድቧ ተሰፍቶ የዳነች ልጃቸውን ሊያስወጡ መጥተው ከሂሳብ ሠራተኛው ከታሪኩ ጋር ተያይዘዋል፤ ከኋላቸው ሰልፉ ረዝሟል።)

ውድነሽ፦ መልስልኛ! አሥራ አራት ሺህ የምን ነው? ሦስት ስፌት ነው የተሰፋችው፣ ሦስት!

ታሪኩ፦ እትዬ፣ ስፌቱማ ዘጠኝ መቶ ነው። የቀረው የቱቦው ነው።

ውድነሽ፦ የምን ቱቦ?

ታሪኩ፦ ትንፋሽ ሲያጥር በጉሮሮ የሚገባው። ይኸው፣ የክፍያ ኮዱ ሂሳቡ ላይ ተሞልቷል።

ውድነሽ፦ ጉሮሮዋ ውስጥ ቱቦ ተሰክቶ ነው «እማዬ ድረሽልኝ» እያለች ስትጮህ የነበረው? ጩኸቷ እኮ እስከ መናኸሪያው ተሰምቷል!

ታሪኩ፦ እኔ ሐኪም አይደለሁም። የተኛችው ቀይ አልጋ ላይ ነው።

ውድነሽ፦ ብትተኛስ?

ታሪኩ፦ ቀይ አልጋ ነፍስ ውጪ ግቢ ላይ ላለ ሰው ነው። እዚያ የተኛ ሁሉ ኮዱ ከነቱቦው ይሞላለታል። አሠራራችን ነው።

ውድነሽ፦ ሌላው አልጋ ሞልቷል ብላችሁ እዚያ ያስተኛችኋት እናንተው! አስከሬን ክፍል ብትሰፏት ኖሮ የሬሳ ሂሳብ ልትጠይቀኝ ነበር?

ታሪኩ፦ ኧረ ቀስ ይበሉ፣ ሰው ይሰማል። ዝም አይነቅዝም።

ውድነሽ፦ ዝም አልልም! ዛሬ ከሰዓት የሚኒስትሪ ፈተና አለባት። ስምንት ዓመት የለፋችበት ነው። ዘበኛው ደግሞ ያለ መውጫ ወረቀት አላሳልፍም ብሎ በር ላይ ገትሯታል። ዘጠኝ መቶህን እንካ፣ ወረቀቴን ስጠኝ።

ታሪኩ፦ ቱቦውን ለመሰረዝ ያስገባው ሐኪም መፈረም አለበት።

ውድነሽ፦ በል ጥራው!

ታሪኩ፦ ማንን ልጥራ? ስም አልተጻፈም።

ውድነሽ፦ አየህ! አንተም ልብህ ያውቀዋል። ውሻ በበላበት ይጮሃል፤ የምትጮኽላቸው እንጀራህ ስለሆኑ ነው።

ታሪኩ፦ ይስደቡኝ። ብሰርዘው ከደመወዜ ይቆረጣል። አቤቱታ ይጻፉ፣ በሦስት ቀን ይታያል።

ውድነሽ፦ ፈተናው እኮ ሦስት ሰዓት ነው የቀረው!

ታሪኩ፦ እንግዲህ ምን ላድርግ? አሁን ከመስኮቱ ዞር ይበሉልኝ፣ ሰልፈኛው እየጠበቀ ነው።

ውድነሽ፦ እሺ፣ ዞርኩ። ስሙኝማ ወገኖቼ! ቀይ አልጋ ላይ የተኛ ሁሉ ያልገባለትን ቱቦ ነው የሚከፍለው፤ ሂሳባችሁን አውጥታችሁ እዩት! እስቲ በጉሮሮው ቱቦ የገባበት እጁን ያውጣ!

ታሪኩ፦ እትዬ! እትዬ ውድነሽ! ዘጠኝ መቶውን ያምጡ፣ መውጫዎ ይኸው!

ውድነሽ፦ አምጣው። እናንተ ግን ማንም ሳንቲም እንዳይከፍል፤ ልጄን ፈተና አስገብቼ መጣሁ!