ለእናቱ ያልተወው ጠላ

በደርግ ጊዜ ነው። ከዋጃ ወደ ቆቦ በላንድሮቨር ተጠጋግተን ስንሄድ፣ ከጎኔ ሁለት እናቶች ለክረምት ከኮሌጅ የሚመለሱ ልጆቻቸውን ሊቀበሉ ይሄዱ ነበር።

«የሰይድ እናት፣ ልጅሽ ተማሪ ለምን ይጠጣል ብሎ አጠና አሉ?»

«አልሃምዱሊላህ፣ አጠና። መጠጡን ወደው አይደለም፣ ቅዳሜ ሲመሽ መሄጃ አጥተው ነው አለ።»

«ይኼን ለማወቅ ኮሌጅ መግባት ያሻል?»

«አንች ደግሞ! ኮሌጁ እኮ ምክሩን ሰምቶ በየቅዳሜው የአገራችንን ጉማዬ ያስጨፍራቸዋል። አውራጁም ያንቹ ልጅ ደሳለኝ ነው። ጠላውን እርግፍ አድርጎ ተወው።»

«ጉማዬን ማን አስተማረው? እኔ!»

«ማን አይደለሽም አለ?»

«ጸበል ወስጄዋለሁ። በጠባኸው ጡት ብዬ እግሩ ላይ ወድቄያለሁ። ለኔ ያልተወውን ለጓደኛው ይተወው?»

«ዋናው መተዉ አይደል፣ እቴ?»

«ላንችማ ምን አለብሽ! አገሩ ሁሉ የሰይድ እናት ልጅ አዳነው እያለ ነው። የኔን እንባ ማን ቆጠረው?»

የሰይድ እናት እግሬ ስር ያለውን ጀሪካን በእግራቸው ነካ አደረጉት።

«ይኼ ጀሪካን ምን ይዟል?»

«ጠላ።»

«ለማን?»

«ለልጄ ነዋ። በጄ ጠምቄ።»

«ኧረ በአላህ! ተወ እያልኩሽ?»

«የእናቱን እጅ እምቢ ይል እንደሆን አየዋለሁ።»

እግሬ ስር የነበረውን ጀሪካን በሁለት ጉልበቴ ደግፌ ይዤ፣ በልቤ ግን ምነው መኪናው ነጥሮ በደፋው እያልኩ ቆቦ ደረስኩ።