ዮሲና አስረስ

ከሄርዝል ጎዳና ወደ ቤኤር ያዕቆብ በሚሄደው ታክሲ፣ ከኋላዬ አንድ ባለሱቅ ሽማግሌና ሒሳባቸውን የምትይዝላቸው ወጣት ያወራሉ።

“አባ፣ የቢትኮይንዎ ግብይት ከሱቁ ሒሳብ ጋር አልገናኝ አለኝ።”

“በሱቁ ገንዘብ አይደል እንዴ የገዛሁት?”

“ነው። ግን ቢትኮይኑ በዮሲ ስም፣ ሱቁ በአስረስ ስም ነው። ኮምፒውተሩ ሁለት ሰው ናቸው ይላል።”

“ከኢትዮጵያ እስራኤል የገባን ዕለት ነው መዝጋቢዎቹ ዮሲ ያሉኝ። አምና አባቴ ወዳወጣልኝ ስም ተመለስሁ።”

“ቤሰደር፣ እሺ። ስሙ የተቀየረበት ወረቀት አለዎት?”

“አስረስ የተባልሁበት አለ። ዮሲ ሲሉኝ ግን ወረቀትም አልሰጡኝ፣ አልጠየቁኝም።”

“ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ?”

“ደክሞኛል ልጄ። ዮሲ ሞቷል፣ ወራሹ አስረስ ነው ብለሽ ጻፊ።”

መታወቂያዬን ከቦርሳዬ አውጥቼ እስክወርድ ድረስ እኔንም ሲመዘግቡ ያወጡልኝን ስም ሳይ ቆየሁ።