የዓሣው በረዶ

ወደ ዱርቤቴ የምንሄድበት ሚኒባስ ጎማው ፈንድቶ ፀሐይ ላይ ቆሟል። ከፊቴ የተቀመጠችው ሴት ያቀፈችውን ትንሽ የበረዶ መያዣ በከፈተች ቁጥር፣ አጠገቧ ያሉት ዓሣ ነጋዴ ይቆጣሉ።

“አትክፈቺው አልሁሽ እኮ! ቅዝቃዜውን የምታስወጪው አንቺው ነሽ።”

“ሞቆ እንደሆነ ልየው ብዬ ነው።”

“ምንድን ነው?”

“የባሌ መርፌ። ከሞቀ ይበላሻል።”

“ምኑን አመመው?”

“ቆሽቱን። ካንሰር ነው፤ ግን ብዙ ሰው የማይዘው ዓይነት ነው አሉኝ።”

“ቆየበት?”

“አራት ዓመቱ። በየወሩ ይወጋል። ያለፈው ወር መርፌው ከየፋርማሲው ጠፍቶ ሳይወጋ ቀረና፣ የበላው ሁሉ አልረጋለት አለ።”

“ሁልጊዜ አንቺ ነሽ የምታመጪው?”

“ሌላ ሰው አላምንም።”

“በረዶሽስ?”

“ውሃ ሆኗል።”

“በይ አምጪው፣ ከእኔ የዓሣ ሳጥን በረዶ ልሙላልሽ።”

“ኧረ ጋሼ! ዓሣዎስ?”

“ያለ በረዶ ዱርቤቴ አይደርስም። መራዊ ወርጄ ባገኘሁት ዋጋ እሸጠዋለሁ።”

“በረዶው መርፌውን መንካት የለበትም። በረዶ ከሠራም ይበላሻል ብለውኛል።”

“ታዲያ በነጠላሽ ጠቅልይዋ! ዓሣ ዓሣ ከሸተተው ይታገሠኝ በይው።”

“እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ቀዝቅዞ ይሆን? አንዴ ልየው?”

“ቤትሽ ሳትደርሺ ብትከፍቺው ውርድ ከራሴ!”

ከተሳፈርንበት ከፋሲሎ ጀምሮ በዓሣው ሽታ ስነጫነጭ የመጣሁት እኔ፣ ነጋዴው ከድነው ወደ እኔ ለገፉት ሳጥን ቦታ እንዲሆን እግሬን ሰበሰብሁ።